ጓደኛ ያልተሰጠው ስንኝ

ወርቂቱ በገበያው መሐል ስታልፍ ሰላም የማይላት የለም። ጤንነቱን እንድትጠይቀው የሚፈልግ ግን አንድም ሰው የለም። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ማልቀስ የሚያውቅ ሴት ሞልቷል፤ ሙሾ ይውረድ ሲባል የሚላክባት ግን እሷ ናት። ስለዚህ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ?» ስትል የሰማት ሰው ምን አይታብኝ ነው ይላል። ሥጋ ሻጩ አራጋው ካስነጠሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። «ይማርህ» ስትለው፣ «እትዬ ወርቂቱ፣ መጀመሪያ ካንቱ ይማረኝ» ይላል። ቢላውን እየሳለ፣ «የኔን ሙሾ ግን በቁሜ ያሰሙኝ፤ ካልጣመኝ አልሞትም» ብሎ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ያስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች።

ደንቡን እሷም ታውቀዋለች። ሙሾ አውራጅ የታመመ ሰው ቤት አትገባም። ከገባች ሟርት ነው፤ ሞትን እጁን ይዞ እንደማስገባት ይቆጠራል። ጎረቤቷ ኡምኩልሱም ቆላ ወርዳ ወባ ይዟት በተመለሰች ጊዜ እንኳ ወርቂቱ አጥሩን ተደግፋ፣ በቁልቋሉ መሐል ነበር የጠየቀቻት። ኡምኩልሱም ከውስጥ፣ «ግቢ እንጂ አንቺ ሴት፣ እኔ አልፈራሽም» ብትላትም አልገባች።

ይህን ሥራ የጀመረችው በራሷ ሐዘን ነው። ደርግ በወደቀበት ዓመት ባሏ በላይ ከዘመተበት ሳይመለስ መርዶው መጣ። ሬሳ የለም፤ መቃብር የለም። አብሬው ነበርሁ ያለ አንድ ወታደር በእግሩ እየተጓዘ በሰፈሩ ሲያልፍ ይዛ ጠየቀችው። የት ላይ ተመታ? ምን አለ? ውኃ ጠየቀ ወይ? ሰውየው አንገቱን ደፋ፤ አንዱንም አያውቅ። ወርቂቱ በለቅሶው ላይ ተነሥታ አንበሳው፣ ጀግናው እያለች አለቀሰች፤ ሰውም አብሮ አለቀሰ። ማታ ብቻዋን ስትቀር ግን ያወረደችው ሙሾ የማንም ባል ሙሾ ሊሆን እንደሚችል ገባት። የበላይ የሆነ አንድም ቃል አልነበረበትም። ይህ ነገር ከሞቱ እኩል ቆጫት።

ከዚያ ወዲያ ለማንም እንዲህ አታለቅስም። ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። ከሟች አልጋ አጠገብ የነበረችውን ሴት ፈልጋ ወደ ጓዳ ትወስዳትና እጇን ይዛ፣ ቀስ ብላ ትጠይቃታለች። መጨረሻ ላይ ምን አማረው? ምን ጠላ? የቱ ላይ አመመኝ አለ? ማንን ጠራ? ከዚያ ወጥታ ስታወርደው ሙሾው የዚያ ሰው ብቻ ይሆናል። ከአቀስታ ድረስ የሚልኩባት ለዚህ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ያወረደችው ስንኝ ሁሉ ግን ከነባለቤቱ፣ ከነለቅሶ ቤቱ በጭንቅላቷ ውስጥ ተቀምጧል።

የሻለም የምትባል ጎረቤቷ የሞተች ጊዜም እንዲሁ አደረገች። ጓዳ ያስገባቻት የየሻለምን ልጅ ሐረግን ነበር፤ ያኔ ገና ጡቷ ያጎጠጎጠ ልጃገረድ። ሐረግ ነገረቻት። እናቷ ደህና ውላ፣ እህል ስታበጥር ድንገት ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ ማነው የመታኝ ብላ ዞረች። ከኋላዋ ሰው አልነበረም። ከዚያ አስታወካትና ወደቀች፤ አልተነሣችም። ልጅቷ ሌላም ነገር ጨመረች። እናቷ ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ አንዱ የዓይኗ ቆብ ወርዶባት ነበር፤ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው። ነፋስ መትቷት ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሽቶላታል። ወርቂቱ ይህን ይዛ ወጣች፤

«የሻለም ምን መታሽ በሩ እንደተዘጋ፣
ጦረኛው ሳይታይ አናትሽ ተወጋ።

አንዱ ዓይንሽ ተኝቶ አንዱ ዓይንሽ ሲጠብቅ፣
ሞት ደጅ ቆሞ ኖሯል ሰፈርሽ ሳያውቅ።»

ይህ ሙሾ በሰው አፍ ብዙ ቆየ። እንስራ ተሸክመው የሚሄዱ ልጃገረዶች ሳይቀሩ ያንጎራጉሩት ነበር።

ዓመታት አልፈው የሐረግ ታላቅ ወንድም ፈንታው ሞተ። ሙሉ ሰው ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንጨት ሲያነሣ ራሴን ብሎ ተቀመጠ። ወደ ቤት ወሰዱት። ሚስቱ ለወርቂቱ በጓዳ የነገረቻት ይህ ነው፤ አንገቱ እንደ ግንድ ደርቆ አልታጠፍ አለ፣ ብርሃን ጠላ፣ መስኮት ዝጉልኝ አለ፣ አስታወከው፣ ነፍሱን ሳተ። ምች ነው አሉ፤ ፀሐይ ላይ ስለዋለ። ወርቂቱ ወጥታ እንዲህ አለች፤

«ፀሐይን ጠላና መስኮቱን አስዘጋ፣
ፈንታው በጨለማ ከሞት ጋር ሲዋጋ።»

ቀጥሎም ጦረኛው ሳይታይ አናቱ መወጋቱን አነሣች። ሳታስበው ነው የመጣላት። ለቅሶው ሲበተን ግን ሰዎች ሲያሙ ሰማች። አሮጊቷ ነጥፋለች፤ ለልጁ የእናቱን ሙሾ አለበሰችው፤ ቤት መምቻውን እንኳ አልቀየረችም ተባለ። ወርቂቱ ዐፈረች። ለሁለት ሰው አንድ ሙሾ ማውረድ ለሁለት ሬሳ አንድ ጉድጓድ እንደመማስ ነው። ለብዙ ጊዜ ከሰው ፊት ስትቆም ይህ ሐሜት ትዝ ይላት ነበር። ሐረግን ባየቻት ቁጥርም መንገድ ታሳብራለች።

የዚህ ሁሉ ነገር ፍቺ የመጣው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ለምርጫው ሰልፍ ሞንታርቦ የጫኑ መኪኖች ከተማውን ሲዞሩት። ወርቂቱ ለለቅሶ የምትለብሰው ጥቁር ቀሚስ ብብቱ ላይ ተቀዶ ነበር። የወትሮው ልብስ ሰፊ ዘመድ ሊቀብር ወደ አጅባር ሄዷል አሏት። እያፈረችም ቢሆን ወደ ሐረግ ሄደች። ሐረግ አሁን የቤት እመቤት ናት። ባሏ ታደለ እህል ይነግዳል፤ ልጇ ራሄል ዐረብ አገር ናት። እሷ ደግሞ ከገበያው ዳር፣ የአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች።

ሐረግ ፈገግ ብላ ተቀበለቻት። ቀሚሱን አገላብጣ አየችና ክር ቆረጠች፤ ክሩን በምራቋ አርሳ ወደ መርፌው ሰደደች። ሳተችው። ደግማ ሳተችው።

«ይቅርታ እትዬ ወርቂቱ» አለች እየሳቀች። «ሰሞኑን አንዱ መርፌ ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ። ክሩን ለየትኛው እንደምሰጠው ጨነቀኝ።»

ያኔ ነው ወርቂቱ ቀና ብላ ፊቷን ያየችው። የሐረግ የግራ ዓይን ቆብ ግማሽ ድረስ ወርዷል። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው።

ወርቂቱ፣ ራስሽን አሞሽ ነበር ወይ አለቻት። ሐረግ፣ አሞኝ ነበር እንጂ አለች። ባለፈው ሳምንት ልብስ ስታጥብ ድንገት፣ እንደ መብረቅ፤ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ራስ ምታት አይታ አታውቅም። አስታወካት። ዳማከሴ አሸተቷት፣ ተኛች፣ ቀለል አላት። ከዚያ ወዲህ ከዓይኗ ጀርባ ጭምድድ አድርጎ ይይዛታል። ታደለ ምች ነው፣ ያልፋል ብሏል። ጠበልም ጀምራለች።

ወርቂቱ ቀሚሱን እዚያው ትታ ተነሣች። ደህና ዋይ እንኳ ማለቷን አታስታውስም። መንገድ ላይ ስንኞቹ ተራ በተራ መጡባት፤ የእናትየውም፣ የልጁም። ለካ እሷ አልነጠፈችም። ሞቱ ራሱ ነው የተደገመው። አሁን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ጓዳ እያንኳኳ ነው።

ለማን ይነገራል? ሙሾ አውራጅ በቁም ላለ ሰው፣ አንቺ እንደ እናትሽ ልትሞቺ ነው ብላ መናገር እንዴት ትችላለች? ከተናገረች ሟርተኛ ናት። ዝም ካለች ደግሞ ጥቁሩ ቀሚስ ተሰፍቶ ሲያልቅ የሚለበሰው ለራሷ ለሰፊዋ ነው። አጥር ለአጥር ስትሄድ ቆይታ እግሯ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዳት። እዚያ ያለው ጤና መኮንን ሙሐመድአሚን የኡምኩልሱም ልጅ ነው፤ በልጅነቱ በወርቂቱ ጀርባ ላይ ያደገ።

ሙሐመድአሚን ሲያያት ደነገጠ። «እማ ወርቂቱ፣ አሞሽ ነው?»

አላመመኝም አለችው። በሩን ዝጋ አለችው። ከዚያ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ሙሾዎቹን ያለ ዜማ፣ እንደ ተራ ወሬ ነገረችው። እያንዳንዱ ስንኝ ከየት እንደመጣ፣ ጓዳ ውስጥ ማን ምን እንዳላት ጭምር። እሱም ብዕሩን አስቀምጦ ሰማት። የዓይኑን ነገር ስታነሣ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ፤ የቱ ዓይን? ሙሉ በሙሉ ነው ግማሽ? ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል? ራስ ምታቱ ቀስ እያለ መጣ ወይስ በአንድ ጊዜ?

ከዚያ ብዕሩን አነሣ። «የብስክሌት ጎማ ውስጥ ያለውን ካላማዳሪያ አይተሽ የለ?» አላት። «ሲነፋ የሳሳበት ቦታ ላይ ጉብ ይላል። የአንጎል ደም ሥርም እንዲሁ ያብጣል። የዓይንን ቆብ የሚያነሣው ነርቭ በዚያ አጠገብ ስለሚያልፍ እብጠቱ ሲጫነው ቆቡ ይወድቃል። እናትና ወንድም እንዲህ ከሞቱ ደግሞ ነገሩ የዘር ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ እዚህ ሆኜ አላውቀውም። ግን እንዲህ ያለ ራስ ምታት አንዳንዴ ማስጠንቀቂያ ነው። ዛሬውኑ መሄድ አለባት።»

እሷ ባትነግረው እንደማይጠረጥርም አልደበቃትም። ሐረግ ጤና ጣቢያ መጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ወንድሜ በምች ሞተ ነበር የምትለው፤ እሱም ምች ብሎ ይሰማ ነበር።

አብረው ሄዱ። ሐረግ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ወደ ቤት ገብታ ነበር። ታደለ ከደጅ ተቀበላቸው። ሙሐመድአሚንን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከኋላው ወርቂቱን ሲያይ ጠቆረ። በሩን ግማሽ ይዞ ቆመ።

«እትዬ ወርቂቱ፣ አከብርዎታለሁ» አላት። «እናቴን ያለቀሱላት አንቱ ነዎት። ግን ከዚህ ደጅ ይመለሱ። ሚስቴ ራሷን ነው ያመማት።»

ሙሐመድአሚን ሊያስረዳው ሞከረ። ታደለ በትሕትና ሰማው፤ ነገ ጠዋት እናመጣታለን፣ ዛሬ ጠበሉ እንዳይቋረጥ አለ። ሙሐመድአሚን፣ ነገ ሩቅ ነው አለው። ታደለ ግን ዓይኑ ወርቂቱ ላይ ነበር፤ የሚሰማው ሁሉ ከሷ የመጣ መሰለው። በዚህ መሐል ሐረግ ራሷን በነጠላ አስራ፣ ምንድነው እያለች ከውስጥ ብቅ አለች።

ወርቂቱ ወደ ውስጥ አልገባችም። ከበሩ መድረክ ውጪ እንደቆመች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ያንን ስንኝ አለች። ዜማውን አወለቀችለት፤ እርቃኑን ቃል ብቻ አስቀረችው።

«አንዱ ዓይንሽ ተኝቶ፣ አንዱ ዓይንሽ ሲጠብቅ።»

«በቁሟ ሊያለቅሱላት ነው?» አለ ታደለ። «አንድ ነገር ብትሆንብኝ ከአንቱ አፍ ነው የምለው።»

«በለኝ ልጄ» አለችው። «ዛሬ ዝም ብዬ ነገ ከማለቅስላት፣ ተናግሬ ብትረግመኝ ይሻለኛል።»

ሐረግ የባሏን ክንድ ያዘች። የዓይኗን ቆብ በጣቷ ነካችው፤ ገና አሁን ያገኘችው ይመስል።

«ተዋቸው፣ ታዴ» አለች ቀስ ብላ። «ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ጓዳ ውስጥ፣ የእማዬ ለቅሶ ቀን። ሰው ሁሉ ግጥም ነው ብሎ ሲዘፍነው እኔም ረስቼው ነበር።»

ሙሐመድአሚን ባትሪ አውጥቶ ዓይኗን አየ። የቀኙ ብሌን በብርሃኑ ጠበበ፤ የግራው ሰፍቶ እንደነበር ቀረ። ባትሪውን አጠፋና፣ ምንም ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ በዝግታ እንድትራመድ ነገራት። ከዚያ ለአምቡላንሱ ደወለ። ታደለ ጋቢውን ከግድግዳው አንሥቶ ሚስቱን አለበሳት፤ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ በአቀስታና በጉጉፍቱ ብርድ ነው። ወርቂቱን ግን ሲያልፍ አላያትም።

ወሬው ከአምቡላንሱ ፈጠነ። ወርቂቱ የታደለን ሚስት በቁሟ አለቀሰችላት ተባለ። አራጋው መቀለዱን ተወ፤ ይህ ነው በጣም የከበዳት። ስታልፍ ቢላውን መሳል አቁሞ ዝም ይላል። ሐረግ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ መላኳ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ ጠፋ።

ከሰው ዝምታ የባሰ ጠላት ግን ከራሷ ውስጥ ነበር። ሙሾ መምጣት ጀመረ። ሳትጠራው፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ቆሎ ስታሻ፣ አንድ ስንኝ ተገጥሞ ከምላሷ ጫፍ ይቀመጣል። ዕድሜዋን ሙሉ ያሠለጠነችው ጭንቅላት ነው፤ የታመመ ሲያይ መግጠም ይጀምራል። ስንኙ ቤት የሚመታ ጓደኛውን ካገኘ ሐረግ የምትሞት መሰላት። ስለዚህ ሁለተኛው ስንኝ ብቅ ሲል ታስላለች፣ ዶሮ እሽ ትላለች፣ የሌላ ሰው ስም ትጠራለች። አንድ ለቅሶ ቤት ጠሯት፤ አፌ አይፈታም ብላ ቀረች።

መጨረሻ ላይ ለኡምኩልሱም ነገረቻት። ኡምኩልሱም አልሳቀችባትም።

«አብሽሪ» አለቻት። «ግጥሙ መውጫ ካጣ ለነቢ ስጪው። መንዙማ አድርጊው፣ ይቀልልሻል።»

«እኔ የማርያም ነኝ፣ አንቺ ሴት።»

«እና ለማርያም ስጪያታ። እሷም ቢሆን ልጅ ሲሞት አይታለች፣ ታውቃለች።»

ወርቂቱ ሞከረች። ለማርያም ስትገጥም የሐረግ ስንኝ ትንሽ ይሸሻል፤ ዝም ስትል ይመለሳል። እንዲህ እየተገፋፉ ክረምቱ ገባ።

አንድ ቀን ሙሐመድአሚን ስልኩን እንደያዘ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ መጣ። ታደለ ደውሎ ነበር። እብጠቱ ተገኝቷል፤ አልፈነዳም። ሐኪሞቹ ራስ ቅሏን ከፍተው የእብጠቱን አንገት በትንሽ ብረት ቆንጥጠውታል። ሁለት ቀን ሰው አታውቅም ነበር፤ አሁን ሰው ታውቃለች፤ ሾርባ ጠጥታለች። ታደለ ስለ ወርቂቱ ምን አለ ብላ ጠየቀችው። ምንም አላለም፤ ግን ወርቂቱ ሰማች ወይ ብሎ ጠይቋል አላት። እሷም ይህ ይበቃኛል አለች።

ሐረግ የተመለሰችው ጥቢ ላይ ነው። ወርቂቱ ሰው ሁሉ ሲጎርፍ ከአጥሯ ሳትወጣ ቀረች፤ ልማዷ ነው። በሳምንቱ ሐረግ ራሷ መጣች። ራሷን በሻሽ ጠምጥማለች፤ ከሻሹ ሥር ፀጉሯ ገና እንደ ገብስ ቡቃያ ነው። ቆቡ ተነሥቷል፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ሲደክማት ዝቅ ይላል። እርምጃዋም ከወትሮው ዘግይቷል። በእጇ ያንን ጥቁር ቀሚስ ይዛለች፤ ብብቱ አሁንም እንደተቀደደ ነው።

አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ሐረግ መጀመሪያ ያነሣችው ስለ ልጇ ነው። ሐኪሞቹ ልጅሽም ትታይ ብለዋታል። ለራሄል ብትደውልላት፣ እማዬ አንቺ ደግሞ፣ እኔ ምን ሆንኩ ብላ ሳቀች። «አንቱ ይንገሩልኝ» አለቻት ወርቂቱን። «ለእኔ እንደነገሩኝ፣ ያለ ዜማ።» ወርቂቱ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀብላ ለማታውቃት ለራሄል የአያቷንና የአጎቷን ስንኝ ነገረቻት። ከወዲያ በኩል መጀመሪያ ሳቅ፣ ከዚያ እሺ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ሐረግ ስልኩን አስቀመጠች፤ ከመቀነቷ መርፌና ክር አወጣች።

«እትዬ ወርቂቱ፣ ለኔም ጀምረውልኝ ነበር፣ አይደል?»

ወርቂቱ መዋሸት ፈለገች። አልቻለችም። «አንድ ስንኝ ብቻ።»

«ይበሉትና ልስማው።»

«አንዱ መርፌሽ ሁለት ሆኖ ቢታይሽም።»

ሐረግ ቀጣዩን ጠበቀች። ከኡምኩልሱም ግቢ ፍየል ጮኸች፤ ሌላ ምንም አልመጣም።

«ጓደኛው የታለ?»

«የለውም» አለች ወርቂቱ። «እንዳይኖረው ስታገል ነው የከረምሁ።»

ሐረግ ክሩን በምራቋ አረሰች። ደካማውን ዓይኗን ጨፍና ወደ መርፌው ሰደደችው። ሳተችው። ትንሽ አረፈች፤ ደግማ ሰደደችው፤ ገባ። ከዚያ ጥቁሩን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሳትቸኩል፣ ብብቱን መስፋት ጀመረች።